ከሸክላው በታች

የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ምርጫ አታውቅም። በሸክላው ላይ የተቀረጸው ፈር ውስጥ ገብታ የሚነቀንቃትን ሁሉ እኩል ታምናለች። ዘፋኙ ከሃምሳ ዓመት በፊት ቃል ከማውጣቱ አስቀድሞ የሳበው ትንፋሽ ይሁን፣ ከሥር የሚዞረው ሞተር ጉርምርምታ ይሁን፣ በደጅ ያለፈ ባጃጅ ወለሉን ያንቀጠቀጠው ይሁን፣ ለእሷ ልዩነት የለውም። ሁሉንም ደምራ ወደ ሽቦው ታሳልፋለች። ሽቦው ለአምፕሊፋየሩ፣ አምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ፣ ስፒከሩ ለእኛ ያቀብላል። እኛም ድምሩን ተቀብለን ዘፈን ሰማን እንላለን።

ከሰማነው ውስጥ የትኛው የዘፋኙ ነው? የትኛውስ የማሽኑ፣ የቤቱ፣ የመንገዱ? የፈላስፋ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን በመቀስና በቁራጭ ቆዳ ሊመረመር ይችላል። በሸክላውና በሚሽከረከረው ሰሃን መካከል የሚነጠፍ ክብ ምንጣፍ አለ። ያን አንስቶ፣ ቤት ውስጥ የተቆረጠ ሌላ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ያንኑ ዘፈን ደግሞ ማዳመጥ ነው ምርመራው። እኔ ይህን የማደርገው ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ በሚሰበስብበት ከሰዓት በኋላ። ወጪው ጥቂት ብር ነው፤ የሚያስነሳው ሐሳብ ግን ርቆ ይሄዳል።

በመጀመሪያ የነገሩን መጠን እንወቅ። ትልቁ ሸክላ ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በደቂቃ 33 ከሲሶ ይዞራል። አብዛኞቹ የአገራችን የሸክላ ዘፈኖች የታተሙበት ትንሹ ሸክላ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን 45 ጊዜ ይዞራል። ፈሩ በስፋቱ ከራስ ፀጉር አይበልጥም፤ ግድግዳው ላይ የተቀረጹት የቀጭን ድምፅ ሞገዶች ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያንሳሉ። ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ የአንድ ዘፈን ፈር ተዘርግቶ ቢለካ ከ60 ሜትር በላይ ይሄዳል። መርፌዋ ይህን ሁሉ መንገድ ሁለት ግራም ገደማ ተጭኖባት ታነባለች። እኛ እንቅስቃሴ ብለን የማንቆጥረው ነገር ለእሷ ትልቅ እንቅስቃሴ ነው።

መርፌዋ ፈሩን ስትከተል ሸክላውን ራሱንም ታንቀጠቅጠዋለች። ንዝረቱ በፕላስቲኩ ውስጥ ተጉዞ ከታችኛው ፊት ሲደርስ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ከሥሩ ወዳለው ነገር ይሰርጋል፣ ወይ ተመልሶ ወደ መርፌዋ ይመጣል። ከሥሩ ያለው ነገር በጥንካሬውና በክብደቱ ከሸክላው በጣም የራቀ ከሆነ አብዛኛው ይመለሳል። ከተቀራረበ ይሰርጋል፤ የሰረገውም ንዝረትን ወደ ሙቀት በሚቀይር ነገር ውስጥ ከሆነ እዚያው ያልቃል። ሰሃኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው፤ በጣት ቢመቱት ይጮኻል፤ ከሞተሩ የተቀበለውንም ይዞ ይወጣል። ምንጣፉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ከላይ የሚመጣውን ተቀብሎ ማስቀረት፣ ከታች የሚመጣውን ማገድ፣ ሸክላው እንዳይንሸራተት መያዝ ሥራው ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ምንጣፍ ለዘፈን የሚጨምረው ድምፅ የለም። ቤዙ ወፈረ፣ ከበሮው ጠራ ስንል፣ አንድ የሚሸፍነው ነገር ተነሣ ማለታችን ነው። ሰው ነገርን ማሻሻል ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት መጨመር ነው፤ ትልቅ ስፒከር፣ ጉልበተኛ አምፕሊፋየር። የምንጣፍ ሥራ ተቃራኒውን ያስተምራል። አንድ የቆየ ድምፅ የሚፈልገው፣ ሌላው ሁሉ አፉን እንዲይዝለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ድካም ለምን እንደሚገባ ለመረዳት ሸክላዎቹ እንዴት እንደመጡ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተመቸው ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነውና በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የሚመጣው ዕቃ የሚራገፈው እዚህ ነበር። የዓረብ፣ የሕንድ፣ የግሪክ፣ የአርመን ነጋዴዎች ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጎን ሱቅ ከፈቱ። ከባሕሩ ማዶ የየመኗ ኤደን ነበረች፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ የሸክላ ኩባንያዎች ኡድ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱትን የቀረጹባት ወደብ። ስለዚህ የድሬ ጆሮ ከጥንቱ አንድ ቋንቋ ብቻ የለመደ ጆሮ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ውስጥ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬ ዳዋ የተወለደው አሊ መሐመድ ሙሳ ገና በጉርምስና ዕድሜው እዚያ ዘፈነ፤ መጠሪያው የሆነውን «ቢራ» የሚለውን ስምም ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። አሊ ቢራ ቆይቶ አዲስ አበባ ሄዶ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሠራ፤ ኡዱን ይዞ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛ ዘፈነ። ያረፈው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የዚህችን ከተማ ድምፅ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ተሸክሟል።

የሸክላው ንግድ ግን ቀላል መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ይህን አጥር ዘልሎ ዓምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ እስከ 1975 ድረስም 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። ቅጂዎቹ የታተሙት ከአገር ውጭ ነው፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ ሊባኖስ። ፊሊፕስም ነበረ፤ የዓሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ፤ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 የወጣው በካይፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ገደማ አልበሞች ታተሙ። ከዚያ ካሴት ቦታውን ወሰደ፤ የሸክላው ዘመን አበቃ።

ከእያንዳንዱ ርእስ አንድ አንድ ቅጂ ቢሰበሰብ ይህ ሁሉ የአንድ ዘመን ሙዚቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያልቃል። ቅጂዎቹም ወጣት አይደሉም። ሠርግ ቤት ተሰምተዋል፤ ቡና ቤት ሌሊቱን ሙሉ ዞረዋል፤ በጫት በርጫ ላይ ሰባቴ ስምንቴ ተደጋግመዋል፤ በአሸዋማው የደቻቱ ወንዝ አቧራ ውስጥ ከርመዋል። አንዳንዱ ፀሐይ ላይ ተረስቶ ተጣሟል። መርፌ በሄደች ቁጥር ደግሞ ከፈሩ ግድግዳ ትንሽ ትወስዳለች። ስናዳምጥ የምንዘነጋው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ሸክላን መስማት ሸክላን ማጥፋትም ነው። እያንዳንዱ ማዳመጥ ከአንድ ውሱን ሀብት ላይ የሚወጣ ወጪ ከሆነ፣ ወጪው በከንቱ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሰሚው ግዴታ ይሆናል። ምንጣፍ መቁረጥን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አድርጌ እንዳላየው ያደረገኝ ይህ ነው።

ቁሳቁሱ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ከቀፊራ ገበያ የተገዛ የለፋ የፍየል ቆዳ አለ። የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አለ። ጠፍጣፋ ቡሽ አለ። አቡጀዲ አለ፤ በስታርች ተነክሮ ሲተኮስ እንደ ካርቶን የሚቆም። ካርቶን ራሱ አለ። ስፋቱን በሰሃኑ ልክ በኮምፓስ አስምሮ፣ መሐሉን ለዘንጓ በስቶ መቁረጥ ነው። አንድ ብልሃት ግን ያስፈልጋል። ሸክላ ጽሑፍ የተለጠፈበት መሐሉ ከሌላው ይወፍራል፤ ስለዚህ ምንጣፉ መሐል ላይ ክብ ጉድጓድ ካልተተወለት ሸክላው በመሐሉ ብቻ ተቀምጦ ጠርዙ አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ የቀረ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ የተነጠፈው ወርቅ ቢሆን አይጠቅመውም።

እያንዳንዱ ነገር ጠባይ አለው። ላስቲክ ንዝረትን አጥብቆ ይይዛል፤ በግንቦት ቀትር ግን ለስልሶ ሸክላው ላይ ይለጠፋል፤ ሲነሣም ሸክላውን ይዞ ይነሣል። አቡጀዲ ቀላልና ቀጥ ያለ ነው፤ በደረቅ አየር ውስጥ ግን በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ኤሌክትሪኩ አቧራ ይጠራል፤ አቧራው በመርፌዋ ሥር ይንጣጣል። ቡሽ ቀላል ነው፤ ሸክላውን አይጎትትም፤ ይፈረፈራል እንጂ። ቆዳ በደንብ ከለፋና ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ሸክላውን ያዝ አድርጎ ይተኛል፤ የአንድ ፍየል ጀርባና ሆድ ግን እኩል ውፍረት የላቸውምና ቆራጩ ቦታ መምረጥ አለበት። ካርቶን የወረቀት ድምፅ አለው ለማለት የሚያስደፍር ድርቀት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ማንኛውም ቆራጭ በሐሳቡ ደስ ይለዋል። በእጁ የሠራው ነገር የሚወደውን ዘፈን ለወጠለት። ሳክስፎኑ ቀረበ፤ ከበሮው ከግድግዳው ተላቀቀ። ከዚህ ደስታ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የተለወጠው ድምፁ ነው ወይስ ደስታው?

ጥርጣሬው ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ምንጣፍ ሲቀየር የሚቀየረው ምንጣፉ ብቻ አይደለም። የመርፌዋ ክንድ ከመርፌዋ እስከ ማጠፊያው ብዙ ጊዜ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ምንጣፉ 1 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ክንዱ ሩብ ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ከስስ አቡጀዲ ወደ ወፍራም ቡሽ የተሻገረ ሰው የመርፌዋን አቀማመጥ በአንድ ዲግሪ ሊያዛንፍ ይችላል። የሰማውን ለውጥ የቡሽ ጠባይ ቢለው የቁመት ጠባይ ሊሆን ይችላል። ከሥር ወረቀት እየደራረቡ ቁመቱን እኩል ካላደረጉ በስተቀር ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ መርፌዋን ይዞ የሚያወዛውዛት ትንሽ ላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የድሬ ቀትርና የድሬ ሌሊት ለዚያው መርፌ ሁለት ዓለም ናቸው። ቀን የሰማውን ቆዳ ማታ ከሰማው ቡሽ ጋር የሚያወዳድር ሰው ቀንን ከማታ ጋር እያወዳደረ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ጆሮው ራሱ ነው። እጅ የደከመበትን ነገር ጆሮ መካስ ይፈልጋል። ቆዳውን የመረጥኩት፣ ያለፋሁት፣ የቆረጥኩት እኔ ስሆን ቆዳው እንዲያሸንፍ እሻለሁ፤ መሻቴም ከመርፌዋ ቀድሞ ዘፈኑ ውስጥ ይገባል። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ በሰው ላይ የተባለውን ከሁሉ ኋላ የሚሰማው ራሱ ስለሆነ። ለማዳመጥም ይሠራል። ጆሮዬ ምን እየሠራ እንደሆነ ከሁሉ ኋላ የማውቀው እኔ ነኝ።

በሙያው የሸበቱትም ቢሆኑ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የተከበሩ ማጫወቻዎች ገበያ ወጡ። የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎለት መጣ፤ የስኮትላንዱ ሊን ሶንዴክ ኤልፒ12 ደግሞ ስስ የሱፍ ምንጣፍ። ሁለቱም በጥንቃቄ በሚያዳምጡ መሐንዲሶች የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ወዳጅ አላቸው። በዚያው አሥርት ዓመት ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ግራንድማስተር ፍላሽ ተብሎ የሚታወቀው ወጣት ለሌላ ዓላማ ምንጣፍ ቆረጠ። ሸክላው ሰሃኑ ሳይቆም በጣት ወደ ኋላ እንዲመለስ ፈልጎ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነውና ስለ ጨርቅ ከቤቱ ባገኘው ዕውቀት የሱፍ ጨርቅ በስታርች አድርቆ በካውያ ተኮሰ። ሌላው ሁሉ ምንጣፍ እንዲይዝ ሲፈልግ እሱ እንዲለቅ ፈለገ፤ ከዚያ መልቀቅ አንድ አዲስ የሙዚቃ ዓይነት ተጠቀመ። እንግዲህ ጥሩ ምንጣፍ የሚባለው ለምን እንደሚፈለግ ሳይታወቅ የሚመረጥ አይደለም። መልሱ ያለው ከቆዳና ከቡሽ ፊት፣ ሰሚው ከዘፈኑ በሚፈልገው ነገር ውስጥ ነው።

ታዲያ ባዳ የሆነን ጆሮ እንዴት ያምኑታል? መልሱን ያገኘሁት በመጻሕፍት አይደለም፤ በድሬ ዳዋ የማዳመጥ ልማድ ውስጥ ነው። እዚህ ከተማ ዘፈን ብቻውን የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሰው ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ዘፈን ይዞራል፤ ዘፈኑም ይተቻል። ይህን ልማድ ለምርመራው አዋልኩት። አንድ ሰው ማጫወቻው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሌሎቻችን ጀርባችንን እንሰጣለን። እሱ ምንጣፉን ይቀይራል ወይም እንደነበረ ይተወዋል፤ እኛ የሰማነውን እንናገራለን። ቁመቱ በወረቀት ተስተካክሏል፤ ሰዓቱ አንድ ነው፤ በአንድ ምርመራ ውስጥ ሸክላው አይቀየርም።

ከዚህ የወጣው ነገር ግልጽ ነበር። ምንጣፍ የሌለውን ባዶ ብረት ሁሉም ሰው ወዲያው ለየው፤ ለዚህ ያዋልነው ድሮ የተበላሸ ሸክላ ነው፤ ብረት ላይ ጥሩ ሸክላ አያሳርፉምና። ስታርች የነካው አቡጀዲ ላይ ሸክላው አንዳንዴ ሲያዳልጥ ዜማው ሲንሸራተት ሁሉም ሰማ። አቧራ የጠራው ጨርቅ የሚያመጣውን ንጥንጥታም ሁሉም ሰማ። ቆዳንና ቡሽን ግን በእርግጠኝነት የለየ አልነበረም። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀያሪው ምንጣፉን አንስቶ ያንኑ መልሶ አንጥፎት ነበር።

«አቦ፣ የቅድሙን መልስልን» አለ የባቡር ጡረተኛው ጎረቤታችን። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም የለምና «ምን ለየህበት?» አልኩት።

«ኡዱ ላይ ጣቱ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። አሁን ክሩን ብቻ ነው የምሰማው።»

ሌላው ደግሞ የአሁኑ ይሻላል ብሎ ተነሣበት፤ ክርክሩ ረዘመ። ቀያሪው ያው ምንጣፍ መሆኑን ሲነግረን ጡረተኛው አላፈረም። ዘፈኑ እንደገና እንዲነሣ አዘዘ፤ ጣቱ የሚወርድበትንም ቦታ ጠብቆ በእጁ አሳየን። ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ በፊት ማናችንም አልሰማነውም ነበር። በምንጣፉ ላይ የተናገረው ልክ አልነበረም፤ በኡዱ ላይ የተናገረው ግን ፍጹም እውነት ነበር። ያልተለወጠ ድምፅ ውስጥ አዲስ ነገር አሰማን።

ይህ ነገር ሁለት ዓይነት ለውጥ መኖሩን ያሳያል። አንዱ በንዝረት ላይ የሚደርስ ነው፤ መንሸራተትን፣ አቧራን፣ ብረትን፣ ቁመትን ይመለከታል፤ በምንጣፍ ይታረማል፤ ጀርባ ሰጥቶ በማዳመጥ ይረጋገጣል። ሌላው በትኩረት ላይ የሚደርስ ነው፤ በቃልና በጣት ይታረማል። ሁለቱንም «ድምፁ ተሻሻለ» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ ጆሮም አይለያቸውም። ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሁለተኛውን ፍሬ ለመጀመሪያው ይሰጣል፤ በትኩረቱ ያገኘውን ቆዳው አመጣው ይላል። ከሰው ጋር የተቀመጠ ሰው ግን የሚለይለት ምስክር አለው። እውነተኛ ማዳመጥ የጋራ ሥራ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ከዚህም የሚያልፍ ነገር አለ። በአንድ የኦሮምኛ ሸክላ ውስጥ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ አንድ ቃል ነበረች፤ ለእኔ በቆዳም፣ በቡሽም፣ በላስቲክም ደብዝዛ የምትወጣ። ቡና ልታፈላልን የመጣች ጎረቤት መርፌዋ እዚያ ሳትደርስ ቃሏን ቀድማ አለቻት፤ መርፌዋ ስትደርስ ቃሏ ጥርት ብላ ተሰማችኝ። «ድምፁማ ደህና ነው፤ ቃሉን የማታውቀው አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያች ቃል በማንኛውም ምንጣፍ ላይ ደብዝዛ አታውቅም።

እንግዲህ የድምፅ ጥራት የት ነው ያለው? ከፊሉ ፈሩ ውስጥ ነው፤ ሊባኖስ ወይም ሕንድ በታተመበት ቀን ተወስኗል። ከፊሉ በማሽኑ ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ ምንጣፍ ይሠራል። ከፊሉ ግን ሰሚው በሚያውቀው ነገር ውስጥ ነው፤ በቋንቋው፣ በዜማው ልማድ፣ ኡድ እንዴት እንደሚመታ በማወቁ። አሊ ቢራ በአምስት ቋንቋ ሲዘፍን ከድሬ ሰው ከፊሉ አንዱን፣ ከፊሉ ሌላውን አጥርቶ ይሰማል፤ ሁሉንም አጥርቶ የሚሰማው የተሰበሰበው ሰው ብቻ ነው። ምንም ዓይነት ቆዳ ኦሮምኛ ለማይችል ሰው ኦሮምኛ አያሰማውም።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ሸክላው ላይ የቆየው ጭረትና ንጥንጥታ። እሱን ምንጣፍ አያነሣውም፤ ፈሩ ውስጥ ገብቷልና። ሊነሣስ ይገባዋል? በመርህ ደረጃ መለየት የሚቻል ይመስለኛል። የሞተሩ ጉርምርምታ የዛሬው ማሽን ንግግር ነው፤ ከዘፈኑም ከታሪኩም አይወለድም፤ ዝም ማሰኘት ተገቢ ነው። ጭረቱ ግን ሸክላው ያለፈበት ነው፤ በስንት ቤት እንደተሰማ፣ የትኛው ዘፈን ከሌላው ይልቅ እንደተደጋገመ ይናገራል። ብዙ ጊዜ በጣም የተጫረው ፊት በጣም የተወደደው ፊት ነው። ስለዚህ እኔ ማሽኑን አስታግሳለሁ፤ ሸክላውን ግን ያለፈበትን እንዲናገር እተወዋለሁ። ምርመራው ያስተማረኝ ልክ ይህ ነው፤ ማስወገድ የሚገባው ከዘፈኑ ውጭ ያለው ነው፤ ያለፈውን ዘመን ራሱን ማስወገድ ግን የማጽዳት ሥራ አይደለም።

ከዚህ የሚከተል ግዴታ አለ፤ አዲስ ማሽንም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ድሬ ዳዋ ውስጥ፣ ሐረር ውስጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በየቤቱ ሣጥንና ከአልጋ ሥር ያሉ ሸክላዎች መርፌ እስክትጨርሳቸው ድረስ ብቻ ይቆያሉ። እነሱን የሚያውቁ ሰዎችም እንደዚያው። ስለዚህ ሸክላ ያለው ሰው አንድ ደህና ምንጣፍ ይቁረጥ፤ መሐሉን ያጉድጉድ፤ ቁመቱን ያስተካክል፤ ከዚያ ስለ ምንጣፍ ማሰቡን ያብቃ። ቀጥሎ ዘፈኑ በየቋንቋው የሚገባቸውን ሰዎች ይጥራ፤ በተለይ ሽማግሌዎቹን። ሸክላው ሲዞር በስልክም ይሁን በኮምፒውተር ይቅዳው፤ የኡዱን ጣት ያወቀውን፣ የደበዘዘችውን ቃል ያጠራችውን፣ ሁለተኛውን ድምፅ ማን እንደዘፈነ የሚያስታውሰውን እየጠየቀ ይጻፍ። የተቀዳው ድምፅ ያለዚያ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ትውልድ ግማሽ ነው፤ ያ ትውልድ ፈሩን ቢያገኝም እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳየው ሰው አያገኝም። ምንጣፉ መርፌዋን ከማሽኑ ጫጫታ ይጠብቃታል፤ ዘፈኑን ከመረሳት የሚጠብቀው ግን አብሮ የሰማ ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አሉ፤ ሥራው ዛሬ ይጀመር።